ህያው ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩን ቆፍራችሁ እዩት

ህያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ለጥራጥሬ የሚሆን ህይወት ያለው ባክቴሪያ የያዘ ፓኬት ገዝቶ፣ ዘሩን በሱ አሽቶ፣ ዘርቶ፣ መጨረሻ ላይ «ኧረ ምንም ለውጥ የለውም!» የሚል ገበሬ ብዙ ነው። አልዋሸም፤ ለውጥ አላየም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፓኬቱ አይደለም። ወይ ፓኬቱ ማሳ ሳይደርስ ውስጡ ያለው ነገር ሞቷል፣ ወይ አፈሩ አላኖረውም፣ ወይ ደግሞ ማሳው ድሮውኑ አያስፈልገውም ነበር። ይህ መመሪያ ከግዢ ሳይሆን ከአካፋ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ማን ምን እንደሚሠራ እንለይ፣ ምክንያቱም ባክቴሪያውንና ፈንገሱን አንድ ላይ አደባልቆ የሚያወራ ሰው በዝቷል።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብል ግን ከአየር ላይ በቀጥታ አይወስደውም። ዩሪያ የምንገዛውም ለዚህ ነው። ጥራጥሬ ሌላ መንገድ አለው። ሪዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ በሥሩ ፀጉር በኩል ገብቶ ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጭ ይሠራል፣ እዚያ ውስጥ ሆኖ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይቀይርለታል፣ ተክሉ ደግሞ በምላሹ ስኳር ይመግበዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሄልሪገልና ዊልፋርት የተባሉ ጀርመኖች ጉዳዩን ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው፤ ባክቴሪያውን ለይቶ ያወጣው ደግሞ የሆላንዱ ቤይሪንክ በ1888 ነው። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ እየተራባ ይሸጣል።

ምን ያህል ይጠቅማል? አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው። በደንብ የያዘ የባቄላ ማሳ በሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ከአየር ሊይዝ ይችላል። ከሁለት ኩንታል ዩሪያ በላይ ማለት ነው። በዛሬ ዋጋ እናንተው አስሉት።

ፈንገሱ ማይኮራይዛ ይባላል። እሱ ከአየር ናይትሮጅን አያመጣም። የሱ ሥራ ሌላ ነው። ከሥር ፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ይዘረጋና ፎስፈረስ፣ ዚንክና ውሃ እየሳበ ያመጣል። ፎስፈረስ ደግሞ ለእባጮቹ ዋና ምግብ ስለሆነ ሁለቱ ሲገናኙ ይደጋገፋሉ። ባክቴሪያው ናይትሮጅን ለመያዝ ብዙ ጉልበት ያስፈልገዋል፣ ጉልበቱ ያለ ፎስፈረስ አይገኝም፣ ፎስፈረሱን ደግሞ ፈንገሱ ያቀርባል።

1. ቆፍሩ

ባለፈው ዓመት ወይም ዘንድሮ ጥራጥሬ ያለበት ማሳ ካላችሁ፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ አበባ ሲያወጣ ጠብቁና ቆፍሩ። ጊዜው ወሳኝ ነው። ፍሬ መሙላት ከጀመረ በኋላ እባጮቹ በተፈጥሯቸው ያረጃሉ፣ ያን ጊዜ አይታችሁ «ሞተዋል» ብትሉ ተሳስታችኋል።

አትንቀሉ። ከነቀላችሁት እባጮቹ ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀሩና ባዶ ሥር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብላችሁ በአካፋ ዙሪያውን ቆፍሩ፣ ከነአፈሩ አንሱት፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ አፈሩ ቀስ እያለ እንዲረግፍ አድርጉ። ከማሳው የተለያየ ቦታ ወደ አሥር ተክል ውሰዱ፤ አንድ ተክል ምንም አይናገርም።

አሁን እዩ። የባቄላ፣ የአተር፣ የምስርና የሽምብራ እባጭ ረዘም ያለ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ጣት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የሽምብራማ ተደራርቦ ማራገቢያ ይመስላል። የአኩሪ አተርና የቦሎቄ ግን ድቡልቡል ነው። ትልቅ ትልቁን መርጣችሁ በምላጭ ወይም በጥፍር ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ወይም ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከኛ ደም ጋር ከሚዛመድ፣ ኦክስጅን ከሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። ነጭ ከሆነ ገና ሥራ አልጀመረም ወይም ባክቴሪያው ሰነፍ ዓይነት ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ኔማቶድ የሚባለው ትል ሥሩን ሲያጠቃውም እብጠት ይወጣል። መለያው ቀላል ነው። የባክቴሪያው እባጭ በጎን በኩል የተለጠፈ ስለሆነ በጥፍር ነካ ሲያደርጉት ይወልቃል። የኔማቶዱ እብጠት ግን ሥሩ ራሱ ያበጠ ነው፣ አይወልቅም፣ ስትከፍሉትም ሮዝ የለውም። ይህን ያየ ሰው ህያው ማዳበሪያ ሳይሆን ሰብል ማፈራረቅ ነው የሚያስፈልገው።

2. ያያችሁት ምን ይላል?

በየተክሉ ብዙ ትልልቅ፣ ውስጣቸው ሮዝ የሆነ እባጭ ካያችሁና ቅጠሉም ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ፣ ብራችሁን ያዙት። አፈራችሁ ውስጥ ጥሩ ባክቴሪያ አለ። ከፋብሪካ የመጣው ባክቴሪያ አገሬውን በልጦ ቦታ ለመያዝ ይቸገራል። በደጋው ባቄላና አተር ለዘመናት ሲዘራ በኖረበት አካባቢ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ በአርሲ፣ በባሌ፣ በሰሜን ሸዋ አንዱ ማሳ ጥሩ ምላሽ ሲሰጥ ጎረቤቱ ምንም የማያሳየውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እባጭ ጨርሶ ከሌለ፣ ወይም ትንንሽ ነጫጭ ብቻ ተበታትነው ካያችሁ፣ ግዙ።

አኩሪ አተር ለብቻው የሚታይ ነው። ሰብሉ ከሩቅ ምሥራቅ እስያ የመጣ ስለሆነ የሚስማማው ባክቴሪያ በብዙው የአገራችን አፈር ውስጥ የለም ወይም በጣም ጥቂት ነው። በፓዌ፣ በአሶሳ፣ በጅማ፣ በባኮ አካባቢ አኩሪ አተር ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት የምትዘሩ ከሆነ ቁፋሮም አያስፈልግም፤ ሳትጠራጠሩ ግዙ። ህያው ማዳበሪያ በአንድ ወቅት ውስጥ በዓይን የሚታይ ልዩነት የሚያመጣው በዋናነት እዚህ ሰብል ላይ ነው። ያልታሸው ቢጫ፣ የታሸው ጥቁር አረንጓዴ፣ ከመንገድ ላይ ሆናችሁ የምትለዩት።

ሽምብራ መካከል ላይ ነው። ሽምብራ ዘወትር በሚዘራበት በአደአ፣ በአቃቂና በበቾ መረሬ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር) ላይ አገሬው ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ ለሽምብራ አዲስ በሆነ መሬት ላይ ግን ይጠቅማል። ቦሎቄ ደግሞ በባሕርይው ናይትሮጅን በመያዝ ደካማ ነው። ስለዚህ ከቦሎቄ ተአምር አትጠብቁ፤ ስትዘሩ ትንሽ የማዳበሪያ ናይትሮጅን ስጡት።

3. ፓኬቱና ሰብሉ ይስማሙ

«የጥራጥሬ ህያው ማዳበሪያ» ብሎ ነገር በጥቅሉ የለም። ባክቴሪያው ይመርጣል። ለባቄላ፣ ለአተር፣ ለምስርና ለጓያ የሚሆነው አንድ ወገን ነው። ሽምብራ የራሱ አለው። አኩሪ አተር የራሱ። ቦሎቄና የጓሮ ፎሶሊያ አንድ ናቸው። አብሽ ከአልፋልፋ ጋር ይቀራረባል፤ ግብጦ ደግሞ ሌላ ነው። የሽምብራውን ፓኬት ለባቄላ የተጠቀመ ሰው ብሩን ውሃ በላው፤ ጉዳት የለውም፣ ጥቅምም የለውም።

እዚህ አገር መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ ለየሰብሉ የተለየ ምርት ያዘጋጃል። ፓኬቱ ላይ ከሰብሉ ስም ጋር የባክቴሪያው መለያ ቁጥር ይጻፋል፤ ለምሳሌ ለቦሎቄ ኤችቢ-429፣ ለአኩሪ አተር ኤምኤአር-1495 የሚባሉት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱ ናቸው። የተለመደው ፓኬት 125 ግራም ሆኖ ለሩብ ሄክታር ይበቃል፤ በሄክታር አራት ፓኬት ማለት ነው። የያዛችሁት ፓኬት ሌላ መጠን ከጻፈ ግን ፓኬቱን ስሙ።

4. አፈሩን አስተካክሉ፣ አለበለዚያ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው

ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

አሲድ። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥር ጫፍ ያቃጥላል፣ ባክቴሪያውም ይሞታል፣ ፎስፈረሱም ይታሰራል፣ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ለመያዝ የሚፈልገው ሞሊብደነም የሚባል ንጥረ ነገርም ይጠፋል። ዝናብ በሚበዛበት የጎጃም፣ የወለጋና የሌላውም ደጋ ቀይ አፈር ላይ ባቄላ የሚቀጭጨው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ባቄላና ምስር አሲድ አይችሉም፣ አኩሪ አተር ትንሽ ይሻላል። መፍትሔው የግብርና ኖራ ነው። መጠኑን በግምት አትወስኑ፤ አፈሩን ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ ነቀምቴ፣ በደሌ ወይም ቅርባችሁ ባለ የአፈር ላቦራቶሪ አስመርምሩ፣ ዲኤውን (የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ) ጠይቁት፣ ናሙና አወሳሰዱን ያሳያችኋል። ኖራው ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መቀላቀል አለበት። ከታሸው ዘር ጋር በአንድ ቀን አይነሰነስም።

ፎስፈረስ። ብዙ ማሳ ላይ ህያው ማዳበሪያ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፣ ከፎስፈረስ ጋር ሲሆን ነው የሚታየው። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ በ100 ኪሎው 19 ኪሎ ናይትሮጅንና 38 ኪሎ ፎስፌት ይዟል። ይህ ለጥራጥሬ ጥሩ ልክ ነው፤ 19ኙ ኪሎ ባክቴሪያው ሥራ እስኪጀምር ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት መነሻ ይሆነዋል። ከዚያ በኋላ ዩሪያ አትጨምሩ። እባካችሁ። ተክሉ ናይትሮጅን በነፃ ካገኘ ባክቴሪያውን መመገብ ያቆማል፣ እባጩም አይሠራም።

ውሃ። እባጩ አየር ይፈልጋል። መረሬ ላይ ውሃ ከተኛ ሥሩ ይታፈናል፣ እባጩ ሥራ ያቆማል፣ የሥር አበስብስም ይከተላል። መደብና ቦይ አውጡ። ሽምብራ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ዝናቡ ሲቀንስ፣ በተረፈው እርጥበት የሚዘራበት ምክንያት አለው።

5. ግዢና ማጓጓዝ

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት አፈር ይመስላል እንጂ በአንድ ግራም ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ህይወት ያለው ነገር ነው። እንደ እርሾ አስቡት። ሙቀት ይገድለዋል፣ ፀሐይ ይገድለዋል፣ ጊዜ ይገድለዋል።

ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ፓኬቱ የተቀደደ ወይም ውስጡ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ከሆነ መልሱት። ሻጩንም «የት ነው ያስቀመጥከው?» ብላችሁ ጠይቁት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከፀረ ተባይ ኬሚካልና ከዩሪያ ጆንያ ጋር ተደርድሮ ከነበረ አትውሰዱ፤ ቀኑ ባያልፍም ውስጡ ያለው ሞቶ ሊሆን ይችላል።

የምትገዙት ለመዝራት ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀር ይሁን። ለሰኔ መዝሪያ በሚያዝያ ገዝቶ ቤት ማቆየት ጥቅም የለውም። ከከተማ ስታመጡት መኪናው መስታወት ሥር ወይም ሞተር ብስክሌት ላይ ለፀሐይ አታስቀምጡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቅርጫት ውስጥ ያዙት። ቤት ስትደርሱ ማድጋ ያለበት ጥግ ይሻላል። ፍሪጅ ካለ ታችኛው ክፍል ጥሩ ነው፣ በረዶ ቤቱ ግን አይሆንም።

6. ዘሩን ማሸት

የምትፈልጉት፦ ፓኬቱ፣ ዘሩ፣ ንጹህ ሳፋ ወይም ሸራ፣ ስኳር፣ ውሃ፣ ጥላ። ሳፋው ኬሚካል የተቀመጠበት መሆን የለበትም፤ የፀረ አረም መለኪያ በነበረ ዕቃ አሽቶ ባክቴሪያውን የጨረሰ ሰው ስንት ነው።

ውሃው የዝናብ፣ የምንጭ ወይም የወንዝ ይሁን። የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ማታ በክፍት ባልዲ ቀድታችሁ አሳድሩት።

ስኳር ዱቄቱ ዘሩ ላይ እንዲጣበቅ ያደርጋል፣ ለባክቴሪያውም መጠነኛ ከለላ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 100 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ሊሆን ይችላል፣ ይበቃል። የግራር ሙጫ ካላችሁ ደግሞ ከስኳር ይሻላል፤ ቀድማችሁ ለብ ባለ ውሃ አሟሙታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከሁሉም በላይ ግን የፈላ ወይም ትኩስ ውሃ ፓኬቱ ጋ አይድረስ።

የውሃው ልክ ለአንድ ኪሎ ዘር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለሩብ ሄክታር 20 ኪሎ አኩሪ አተር ከያዛችሁ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ 50 ኪሎ ባቄላ ከሆነ ከአንድ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይደርሳል። ሰው እዚህ ላይ ነው እጁ የሚከፈተው። ውሃ ከበዛ ዘሩ ያብጣል፣ ልጣጩ ይላቀቃል፣ በተለይ አኩሪ አተር ልጣጩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ ግማሹን አፍስሳችሁ አገላብጡ፣ ጎደለ ስትሉ ጨምሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ዛፍ ሥር ወይም ቤት ውስጥ ሸራ ዘርጉ። ዘሩን ዘርግፉ፣ የስኳሩን ውሃ ረጭ ረጭ አድርጉ፣ በእጅ ከሥር ወደ ላይ እያነሳችሁ ዘሩ ሁሉ እስኪረጥብ አገላብጡ። ከዚያ ፓኬቱን ቀዳችሁ ዱቄቱን ከላይ በትኑ። እንደገና አገላብጡ፣ አትፈትጉት፣ እንደ ቆሎ ሳፋ ውስጥ አናውጡት። እያንዳንዱ ፍሬ ስስ ጥቁር ልብስ ሲለብስ በቃ። ፍሬውን በጣታችሁ ስትነኩት ትንሽ ይጣበቅና ጥቁር ነገር ጣት ላይ ይቀራል፣ ግን አይንጠባጠብም። የሚንጠባጠብ ከሆነ ውሃ አብዝታችኋል። ጥላ ላይ 15 ደቂቃ ያህል ዘርጋ አድርጋችሁ አጠንፍፉትና ወደ ማሳ።

ዘሩ አስቀድሞ በፀረ ፈንገስ ኬሚካል የታሸ ከሆነስ? ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ካለው ታሽቷል ማለት ነው፣ ብዙዎቹ ኬሚካሎች ደግሞ ባክቴሪያውን ይገድላሉ። ያኔ ዘሩን ተዉትና ፓኬቱን ከአንድ ባልዲ እርጥብ የተነፋ ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉ፣ መስመሩ ውስጥ ከዘሩ ሥር እየነሰነሳችሁ ሂዱ። ሁለት እጥፍ ፓኬት ቢጠቀሙ ይመረጣል። ሥራው ይበዛል፣ ግን ባክቴሪያው በሕይወት ይቆያል።

7. መዝራት፣ እና ሳይታሽ የሚዘራው መስመር

የታሸ ዘር አያድርም። በዚያው ቀን፣ ቢቻል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አፈር መግባት አለበት። ዝናብ ከከለከላችሁና ካደረ፣ ሌላ ፓኬት አምጥታችሁ እንደገና እሹት።

አፈሩ እርጥብ ይሁን። ደረቅ አፈር ውስጥ ዘርቶ ዝናብ መጠበቅ ባክቴሪያውን መቅበር ነው። መስመር ስታወጡ ኤንፒኤሱ ከዘሩ ጎን ወይም ከሥር ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ፣ በመሃል አፈር ይኑር፤ ማዳበሪያው ጨው ስለሆነ የታሸውን ዘር ከነካው ባክቴሪያውን ያደርቀዋል። ዘር የያዘውን ሳፋ ማሳው ዳር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፣ በነጠላም በቅጠልም ሸፍኑት፣ የጣላችሁትንም ዘር ወዲያው አልብሱት። ሙሉ መስመር ጥሎ ከዚያ ተመልሶ ማልበስ ቆላ ላይ በተለይ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር። ከማሳው ጥግ ላይ ጥቂት መስመር ሳይታሽ ይዘራ። ያለዚያ የከርሞውን ብር ለማውጣት የምትወስኑት በወሬ ነው። ያልታሸውን መጀመሪያ ዝሩ፣ የታሸውን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁም ጆንያውም ባክቴሪያ ይዟል። ድንበሩ ላይ እንጨት ትከሉ፣ ማዳበሪያውና አረሙ ሁለቱም ዘንድ እኩል ይሁን።

ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ አበባ ላይ፣ ከሁለቱም ወገን ቆፍሩ። ህያው ማዳበሪያው ከሠራ እባጮቹ በዋናው ሥር አናት ላይ፣ ዘሩ የነበረበት አካባቢ ይከማቻሉ። በጎን ሥሮች ላይ ራቅ ራቅ ብለው የተበተኑት ብዙ ጊዜ የአገሬው ባክቴሪያ ናቸው።

ፓኬት ባይገኝስ?

የድሮ ዘዴ አለ። ያው ሰብል በደንብ የያዘበት፣ ቆፍራችሁ ሮዝ እባጭ ያያችሁበት ማሳ ላይ ሂዱ፣ ከሥሩ ዙሪያ ያለውን አፈር እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ውሰዱ፣ በጆንያ ጥላ ላይ አድርጋችሁ አምጡና መስመሩ ውስጥ በትኑ። ይሠራል። ችግሩ በሽታም አብሮ ይመጣል። ባቄላው ቆርምድ የሚባለው በሽታ ወይም የሥር አበስብስ ካለበት ማሳ አፈር አታምጡ፤ ቆርምድም ራሱ በፈንገስ የሚመጣ ነው፣ ፈንገስ ሁሉ ወዳጅ አይደለም።

ፈንገሱን ቤት ውስጥ ማራባት

ማይኮራይዛ እንደ ባክቴሪያው በፋብሪካ ጋን ውስጥ ብቻውን አይራባም። ሕይወት ያለው ሥር ካላገኘ አያድግም። ደስ የሚለው ይህ ለኛ ይመቻል፤ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ማሽላ ይበቃል።

በበጋ ጀምሩ። ለዓመታት ያልታረሰ፣ ሣር የበዛበት ወይም ግራር ሥር ያለ ቦታ ፈልጉ። ቅጠሉን ጠርጋችሁ ከላይኛው አንድ ስንዝር ውስጥ አፈሩን ከነቀጫጭን ሥሮቹ አንድ ባልዲ ያህል ውሰዱ። ከታጠበ የወንዝ አሸዋ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሉ። ፍግ፣ ኮምፖስት፣ ኤንፒኤስ ምንም አትጨምሩ። ፎስፈረስ የበዛበት ተክል ፈንገሱን አይፈልገውም፣ ዝም ብሎ ይዘጋበታል።

ድብልቁን ታች የተበሳ ጆንያ፣ ጀሪካን ወይም ማሰሮ ውስጥ ሞልታችሁ ማሽላ ወይም በቆሎ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ዝሩ። ለጥራጥሬ የምታዘጋጁት ከሆነ ጥራጥሬ አትዝሩበት፤ የባቄላን በሽታ በባቄላ ማራባት ይሆናል። ውሃ እያጠጣችሁ ሦስትና አራት ወር አቆዩት። ማሽላው ቀጭጮ ቢጫ ቢል አትደንግጡ፣ ማዳበሪያም አትስጡት፤ የምትፈልጉት ማሽላውን አይደለም። መጨረሻ ላይ ለሁለት ሳምንት ውሃ ከልክሉት። ተክሉ ሲጨነቅ ፈንገሱ ዘር የሚሆነውን ክፍሉን አብዝቶ ያፈራል። ከዚያ ግንዱን ከአፈሩ እኩል ቁረጡ፣ ሥሩን አውጥታችሁ በመቀስ ጣት በማትሞላ ቁራጭ ክተፉት፣ ከአፈሩ ጋር መልሳችሁ ቀላቅሉ፣ ጥላ ላይ አናፍሱ። ሥሩ ላይ የኔማቶድ እብጠት ወይም የጠቆረ ብስባሽ ካያችሁ ጣሉት።

አጠቃቀሙ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ከዘሩ በታች። ዘሩ ላይ ማሸት አይጠቅምም፤ ሥሩ ሲያድግ እንዲያልፍበት ነው የምንፈልገው። የታሸውን ዘር ከላዩ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ባክቴሪያውና ፈንገሱ አይጣሉም።

ይህ ለጓሮ፣ ለፎሶሊያ መደብ፣ ለትንሽ ቁራሽ መሬት ነው። ሄክታር የሚሸፍን አፈር ማን ይሸከማል? በሰፊ ማሳ ላይ የተሻለው ያለውን ፈንገስ አለመግደል ነው። መደጋገሚያ እርሻ ክሮቹን ይበጥሳቸዋል፣ ስለዚህ አንድ እርሻ መቀነስ ከተቻለ ቀንሱ። መሬቱን ዓመት ሙሉ ባዶ አታሳድሩ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ጎመን ዘር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር እና ግብጦ ፈንገሱን አያስጠጉም። ከእነሱ በኋላ ወዲያው ጥራጥሬ ከመዝራት በመካከል ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ስንዴ ቢገባ ይሻላል። ግብጦ የሚገርም ተክል ነው፤ ባክቴሪያውን ይቀበላል፣ ፈንገሱን ግን አይፈልግም፣ ምክንያቱም በራሱ ሥር ላይ እንደ ጠርሙስ ብሩሽ የተሰበሰበ ፀጉር አውጥቶ ከሱ በሚወጣ አሲድ የታሰረውን ፎስፈረስ ራሱ ይፈታዋል። አዊና ጎጃም አፈሩ በደከመበት ቦታ እሱ የሚበቅለው ለዚህ ነው።

ስለ ትራይኮደርማ የሚጠይቅ አይጠፋም። እሱም ጠቃሚ ፈንገስ ነው፣ ሥራው ግን መመገብ ሳይሆን እንደ ፉዛሪየም ያሉትን የሥር አበስብስና የማጠውለግ ፈንገሶች መጋፋት ነው። ሽምብራ በሚጠወልግበት ማሳ ላይ መሞከር ይቻላል። ፓኬቱ ከሪዞቢየም ጋር አብሮ ይሄዳል ካላለ ግን በአንድ ሳፋ አታሹት፤ ትራይኮደርማውን ኮምፖስት ላይ አራብታችሁ አፈር ውስጥ ጨምሩት። ውሃ የተኛበትን መሬት ግን ትራይኮደርማ አያድነውም።

ከአጨዳ በኋላ

ጥራጥሬው የያዘው ናይትሮጅን አብዛኛው ፍሬው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፣ በሽሮና በምስር ወጥ መልክ እንበላዋለን። ለመሬቱ የሚቀረው ሥሩ፣ ቅጠሉና ገለባው ውስጥ ያለው ነው። ከነሥሩ ነቅላችሁ ገለባውንም ለከብት አውጥታችሁ ከሄዳችሁ የከርሞው ስንዴ የሚያገኘው ትንሽ ነው። ቢያንስ ሥሩ ይቅር፤ በማጭድ እጨዱ። ገለባው ለከብት የግድ ከሆነ ፍጉ ወደዚያው ማሳ ይመለስ።

ያው ሰብል በሦስትና በአራት ዓመት አንዴ እየተመለሰ ከተዘራና አፈሩ አሲዳማ ካልሆነ ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ይቆያል፣ በየዓመቱ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል፤ በየጊዜው እየቆፈራችሁ እዩ። አሲዳማ አፈር፣ ለረጅም ጊዜ ውሃ የሚተኛበት ወይም በጣም የሚሞቅ ቆላ ከሆነ ግን በዘራችሁ ቁጥር እሹ፣ ፓኬቱ በማዳበሪያ ሚዛን ሲታይ ርካሽ ነው። ከተቀደደ ፓኬት የተረፈውን ለከርሞ ብላችሁ አታስቀምጡ። በዚያው ቀን መጨረሻው መስመር ላይ ጨምሩት።